ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ ተዋዳጆች የነገር ጨዋታ

የፍቅር ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው የታሪኩን ፍጻሜ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እነዚህ ሁለቱ እንደሚጋቡ፥ በመካከላቸው የቆመው መሰናክልም በመጨረሻ እንደሚወገድ፥ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ፍጻሜውን አስቀድሞ እያወቀ መጽሐፉን ሳይጨርስ የማይተኛበት፥ ከጨረሰም በኋላ ወዳነበበው ገጽ ተመልሶ ደግሞ የሚያነብበት ምክንያት ምንድን ነው ብለን ብንመረምር፥ መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ቃል በሚመላለሱበት ክፍል ነው። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለዚሁ የነገር ጨዋታ ነው፤ ምስክር አድርጌ የምጠራቸውም በተለይ ሁለት የእንግሊዝ ድርሰቶች ናቸው፤ አንደኛው ተውኔት፥ ሁለተኛው ልብ ወለድ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎች ይህን ጨዋታ የሚያስረዱት ፍቅር ከጠብ ይወለዳል በሚል አጭር አነጋገር ነው፤ ሁለቱ በመጀመሪያ ይጠላላሉ፥ ይዘላለፋሉ፥ ኋላ ግን ጥላቻው ወደ ፍቅር ይለወጣል ይላሉ። ለእኔ ይህ አስተያየት ነገሩን ከሥሩ የሚስት ይመስለኛል። የሚጠላ ሰው ጆሮ የለውም፤ ጠላቱ ንግግሩን ገና ሳይፈጽም የራሱን ስድብ ያሰናዳል፤ የሚሰነዝረውም ስድብ ለማንም ቢሰነዘር የሚስማማ፥ ከተነገረው ቃል ጋራ አንዳች ዝምድና የሌለው ነው። በነገር ጨዋታ ግን ምላሹ የሚፈልቀው ከተነገረው ከራሱ ቃል ነው፤ ሴቲቱ የተናገረችውን ቃል ሰውየው ያነሣዋል፥ አገላብጦ ያየዋል፥ ሌላ ፍቺ አልብሶ ይመልስላታል፤ እርሷም የመለሰላትን ተቀብላ ሦስተኛ ፍቺ ታወጣለታለች። በማኅሌት ባለቅኔው ቅኔውን ሲያፈስ አጠገቡ የቆመው ተቀባይ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ልቡናውን ሰብስቦ እንደሚያዳምጥ፥ እነዚህም ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚደማመጡት እንደዚያው ነው። እንግዲህ በፍቅር ድርሰት ውስጥ የነገር ጨዋታ ከሁሉ አስቀድሞ የመደማመጥ ምስክር ነው እላለሁ፤ እንዲህ ያለውም ተሰጥዎ የሚጸናው ሁለቱ ወገኖች፥ በሀብትና በመዓርግ ቢበላለጡም እንኳ፥ በቃል ትክክል ሆነው ሲቆሙ ነው።

ዊልያም ሼክስፒር «ብዙ ሁካታ በከንቱ» ሊባል የሚችለውን ኮሜዲ የደረሰው በ1598 እና በ1599 ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል፤ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1600 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሲሲልያ ደሴት፥ በመሲና ከተማ ነው። የአራጎን መስፍን ዶን ፔድሮ ከጦርነት ድል አድርጎ ወደ ከተማው ሲመለስ፥ አንድ መልእክተኛ ቀድሞ ደርሶ ለገዥው ለሌዎናቶ የምሥራቹን ይነግረዋል። በገዥው ቤት የምትኖር ቤያትሪስ የምትባል ዘመዱ በዚያ ቆማ ታዳምጣለች፤ አፏን ስትከፍትም የመጀመሪያው ቃልዋ ጥያቄ ነው፤ ከዘማቹ ሁሉ መርጣ ስለ አንድ ሰው ትጠይቃለች፥ ስሙን ግን አትጠራም፥ ከጎራዴ ትግል አነጋገር የተቀዳ የፌዝ ቅጽል ታወጣለታለች እንጂ። መልእክተኛው ማንን ማለቷ እንደ ሆነ ግራ ይገባዋል፤ የሌዎናቶ ልጅ ሄሮ ግን የፓዱዋውን ቤኔዲክን ማለቷ ነው ብላ ታስረዳዋለች። ከዚያ በኋላ ቤያትሪስ ስለ ቤኔዲክ መብሉን፥ ጀግንነቱን፥ ወዳጆቹን እያነሣች ታላግጣለች፤ ሰውየው ገና ወደ መድረኩ ሳይገባ የመድረኩ ነገር ሁሉ እርሱ ሆኗል። ደራሲው በዚህ ስፍራ ይህች ሴት ይህን ሰው በልቧ ይዛዋለች ብሎ አይነግረንም፤ የምትወደውን ሰው ደኅንነት በቀጥታ ለመጠየቅ ያልቻለች ሴት የምትጠይቅበትን መንገድ ብቻ ያሳየናል፥ ፍርዱንም ለእኛ ይተወዋል።

ቤኔዲክ ሲገባ ቤያትሪስ የምትለው የመጀመሪያ ነገር፥ ማንም ሳያዳምጠው ስለ ምን መናገሩን እንደማይተው እንደሚያስደንቃት ነው። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የደራሲው ጥበብ ይደንቀኛል፤ ማንም አላዳመጠህም የምትለው ሴት፥ በዚያ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል እርሱን ያዳመጠችው እርሷ ብቻ ናትና። እርሱም ንቀት የምትባል እመቤት አድርጎ ሲሰይማት ስሙን አትክድም፥ አትቆጣም፤ ስሙን ተቀብላ የዚያች እመቤት ቀለብ ራሱ ቤኔዲክ እንደ ሆነ ታስረዳዋለች። ከዚያም ቃሉ ከወዲህ ወዲያ ሲመላለስ፥ አንዳቸውም የሌላውን ቃል ሳያነሡ የሚናገሩት አንድም ነገር የለም። ወጣት ደራስያን ይህን ክፍል በብርቱ እንዲያጠኑት እመክራለሁ፤ ብዙዎች የሚጽፉት የተዋዳጆች ጨዋታ፥ ተናጋሪዎቹ ቢቀያየሩ ማንም የማያውቀው፥ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ የሚደረድረው የቀልድ ክምር ነው።

ሆኖም ጨዋታው ያለ ቍስል አይሄድም። በጭፈራው ሌሊት ሁሉም ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ ሳለ፥ ቤያትሪስ ከቤኔዲክ ጋራ እንደማታውቀው ሆና ትነጋገራለች፤ ቤኔዲክ የሚባለው ሰው የመስፍኑ አጫዋች እንጂ ሌላ ቁም ነገር የለውም ትለዋለች። ከሰማው ፌዝ ሁሉ ይህ ለብቻው አጥንቱ ድረስ ይዘልቃል፤ የነገሩ ሥር ደግሞ ግልጽ ነው፤ ጭምብል ለብሶ ሌላ ሰው መስሎ ቆሟልና ሊመልስላት አይችልም። ምላሽ የተከለከለ ፌዝ ወዲያው ከጨዋታነት ወጥቶ ቅጣት ይሆናል። በዚያው ትዕይንት ቤያትሪስ ለመስፍኑ ስትናገር፥ ይህ ሰው ቀድሞ ልቡን ለጊዜው አበድሯት እንደ ነበር፥ እርሷም ወለዱን በእጥፍ እንደ ከፈለች፥ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ታልፈዋለች፤ በመካከላቸው የቆየ፥ ሳይሽር የቀረ ታሪክ እንዳለ የምናውቀው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ሼክስፒር ከዚህ የበለጠ አያብራራም፥ ማብራራትም አያስፈልገውም።

ዋናው የሄሮና የእጮኛዋ የክላውዲዮ ታሪክ ከኢጣልያ መጻሕፍት፥ በተለይ ከማቴዎ ባንዴሎ የተወሰደ ነው፤ ቤያትሪስና ቤኔዲክ ግን በአብዛኛው የሼክስፒር የራሱ ፍጥረት ናቸው። ለአነጋገራቸው አርአያ የሆነ መጽሐፍ ካለ ግን፥ ባልዳሣሬ ካስቲሊዮኔ በ1528 ዓ.ም. በቬኒስ ያሳተመው፥ ስለ ቤተ መንግሥት ባለሟል ሥርዓት የሚናገረው መጽሐፍ ነው፤ በ1561 ዓ.ም. ቶማስ ሆቢ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ነበር። በዚያ መጽሐፍ በኡርቢኖ ቤተ መንግሥት የተሰበሰቡ መኳንንትና ወይዛዝርት ለአራት ምሽት ሲከራከሩ፥ ኤሚልያ ፒያ የምትባለው እመቤት ሴቶችን ከሚያቃልለው ከጋስፓሬ ፓላቪቺኖ ጋራ ቃል ትመላለሳለች፤ ማስተዋልዋም ከማንኛውም ወንድ የማያንስ ሆኖ ይታያል።

ወደ ተውኔቱ እንመለስ። ወዳጆቻቸው ሁለቱን ለማስታረቅ የሚያደርጉት ብልኀት በጆሮ የሚፈጸም ነው። ቤኔዲክ በአትክልቱ ስፍራ ተደብቆ ሳለ፥ መስፍኑና ሌሎቹ ቤያትሪስ በፍቅሩ እንደ ተያዘች ሆን ብለው ይነጋገራሉ፤ ሄሮና ደንገጡሯ ኡርሱላም ለቤያትሪስ እንዲሁ ያደርጋሉ። ሁለቱም ስለ ፍቅር ብቻ አይደለም የሚሰሙት፤ ኩራታቸውን፥ ሌላውን ማቃለላቸውን፥ ሰው ሁሉ የሚያውቀውንና እነርሱ ግን ያላወቁትን ነውራቸውን ይሰማሉ። ለመመለስ የማይችሉበት ንግግር ነውና በፌዝ ሊያመልጡት አይችሉም፤ መስማትና ወደ ኅሊናቸው መመለስ ብቻ ይቀርላቸዋል። ተውኔቱ በአብዛኛው በዝርው የተጻፈ ሲሆን፥ እስከዚህ ድረስ በዝርው ስታላግጥ የቆየችው ቤያትሪስ ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዋን ቀርታ ዐሥር የግጥም መስመር ትናገራለች፤ በእነዚያ ዐሥር መስመሮች አንድም ፌዝ የለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የቤተ ክርስቲያኑ ትዕይንት ለእኔ የድርሰቱ ሁሉ ከፍተኛ ስፍራ ነው። ክላውዲዮ በሐሰት ወሬ ተታሎ፥ ሄሮን በተክሊል ቀን በካህኑና በሕዝቡ ፊት በዝሙት ይከስሳታል፤ ልጅቱ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ጉባኤው ሁሉ ሲበተን ቤኔዲክ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የምታለቅሰውንም ቤያትሪስን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ታለቅስ እንደ ሆነ ይጠይቃታል። ስንት ዓመት በፌዝ ሲመላለሱ የኖሩ ሁለት ሰዎች እዚህ ስፍራ ላይ በእውነት ቃል ይነጋገራሉ፤ እርሱ እንደሚወድዳት ይናገራል፥ እርሷም ትናገራለች፤ ለእርሷ ሲል ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልግ ሲጠይቃት ክላውዲዮን እንዲገድል ታዝዘዋለች። ክላውዲዮ የልብ ወዳጁ ነው። መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ እርሷ ግን ወንድ አለመሆኗ፥ የእኅቷን ያህል የምትወዳትን ልጅ ክብር በገዛ እጇ ለመመለስ አለመቻሏ እንዴት እንደሚያንገበግባት ስትናገር ቆሞ ይሰማታል፤ ጥቂት ቃል ሊያስገባ ቢሞክር እንኳ አታስገባውም። በመጨረሻም አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃታል፤ ክላውዲዮ ሄሮን እንደ በደላት በነፍስዋ ታምን እንደ ሆነ። አዎን ስትለው ሄዶ ወዳጁን ለፍልሚያ ይጠራዋል። የምድር መኳንንት ሁሉ የሄሮን ቃል ንቀው የወንዶቹን ምስክርነት በተቀበሉበት ቀን፥ ይህ ሰው የአንዲት ሴትን ቃል አምኖ የተነሣው፥ ዓመታት በሙሉ ቃልዋን እያንዳንዱን ሲያዳምጥ የኖረ ስለ ሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ሁሉ ጨዋታ ለዚህ ሰዓት ያዘጋጀው ትምህርት ነበር።

ሕዝቡም ሁለቱን ከዋናው ታሪክ አስበልጦ ወደዳቸው። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1632 ዓ.ም. በታተመው የሼክስፒር ድርሰቶች መጽሐፉ ላይ፥ ከተውኔቱ ርእስ አጠገብ የእነዚህን የሁለቱን ስም በእጁ ጽፏል፤ ሌዎናርድ ዲግስም በ1640 ዓ.ም. በታተመ ግጥም፥ ቤያትሪስና ቤኔዲክ እንደሚታዩ ከተሰማ ቲያትር ቤቱ በሰው ይሞላ እንደ ነበር መስክሯል። ፈረንሳዊው ቤርሊዮዝ በ1862 ዓ.ም. በኦፔራ ሲያቀናብረው ስሙን በቀጥታ በእነርሱ ሰይሞታል።

ከሼክስፒር ተውኔት ሁለት መቶ ዓመት በኋላ የቄስ ልጅ የሆነችው ጄን ኦስተን ይህን ጥበብ ከመድረክ አውርዳ ወደ ልብ ወለድ አገባችው። «ኩራትና ጭፍን ፍርድ» የምንለውን መጽሐፍ መጀመሪያ የጻፈችው በ1796 እና በ1797 ዓ.ም.፥ ገና በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜዋ ነበር፤ አባቷ ለአንድ የሎንዶን አሳታሚ ደብዳቤ ቢጽፍለት ድርሰቱን ሳያየው እምቢ አለ። ብዙ ዓመት ከቆየና ከታረመ በኋላ መብቱን ለቶማስ ኤገርተን በ110 ፓውንድ ሸጠችው፤ በጥር 1813 ዓ.ም. በሦስት ቅጽ ሲወጣ ስሟ በመጽሐፉ ላይ አልተጻፈም።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የጨዋ ልጅ ሥርዓት ጥብቅ ነበር። ያልተጫጩ ወንድና ሴት ደብዳቤ መጻጻፍ ነውር ነበረ፤ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው መነጋገርም እንዲሁ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። የቀረላቸው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽና የጭፈራ ቤት ነው፤ በዚያም እናት፥ አክስት፥ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እንግዲህ በሰው ሁሉ ፊት እየተናገሩ ለአንድ ሰው ብቻ የሚገባ ነገር ለመናገር ከነገር ጨዋታ የተሻለ መንገድ አልተገኘም። የመጽሐፉ ሁለት ተዋዳጆች ኤልሳቤጥ ቤኔትና ዳርሲ ከተገናኙባቸው ስፍራዎች አብዛኛዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

የሁለቱን ኑሮ ካላነጻጸርን ግን የኤልሳቤጥን ድፍረት በሙሉ አንረዳውም። ዳርሲ በዓመት 10,000 ፓውንድ ገቢ ያለው ባለ ርስት ነው። የኤልሳቤጥ አባት ርስት ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ የተወሰነ ስለ ሆነ አባቷ ሲሞት ለዘመዳቸው ለኮሊንስ ያልፋል፤ ለእርሷ የሚደርሳት በአራት በመቶ ወለድ የተቀመጠ 1,000 ፓውንድ፥ ያውም እናቷ ስትሞት ነው፤ ይህም በዓመት 40 ፓውንድ ማለት ነው። እንዲህ ያለች ልጅ እንዲህ ባለ ሰው ፊት ስትቀርብ ዐይኗን ሰብራ እሺ፥ በጎ እንድትል ዓለም ሁሉ ይጠብቅባታል። እርሷ ግን በመጀመሪያው ጭፈራ ዳርሲ መልኳን ሲያቃልል በጆሮዋ ሰምታ፥ ነገሩን ለወዳጆቿ እየሣቀች አወራችው፤ ከዚያም ወዲህ በተገናኙ ጊዜ ሁሉ እንደ ትክክሏ አድርጋ መለሰችለት።

ኔዘርፊልድ በሚባል ቤት አንድ ምሽት ሲነጋገሩ፥ ኤልሳቤጥ በሰው ሞኝነት መሣቅ እንደምትወድ፥ በጥበብና በበጎ ነገር ግን እንደማትሣለቅ ትናገራለች። ዳርሲ መሣለቂያ ከሚሆን ድካም ለመራቅ እንደ ጣረ ሲመልስ፥ በጥያቄ እየመራች የራሱን ጉድለት እንዲናዘዝ ታደርገዋለች፤ ቂም እንደሚይዝ፥ አንድ ጊዜ የጠላውን መልሶ እንደማይወድ ይናገራል። ወዲያው ደግሞ እርሱ የእርሷን ጉድለት ይነግራታል፤ ሰውን ሆን ብሎ በተሳሳተ መንገድ መረዳት ነው ይላታል። ሁለቱም ፈገግ እያሉ የተናገሩት ነገር የቀሪው መጽሐፍ ሁሉ ሐተታ ሆነ፤ የእርሱ ኩራትና የእርሷ ጭፍን ፍርድ ገና በጨዋታ ሳሉ በትክክል ተሰይመው ነበር። ምዕራፉ ሲዘጋ ዳርሲ ለኤልሳቤጥ ከመጠን ያለፈ ትኵረት መስጠቱ አደጋ እንደ ሆነ ይሰማዋል።

በኬንት አገር፥ በአክስቱ በሌዲ ካትሪን ቤት፥ ኤልሳቤጥ ፒያኖ ስትጫወት የተለዋወጡት ቃል ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። በመጀመሪያው ጭፈራ ወንድ ጎድሎ ሴቶች ሳይጨፍሩ ተቀምጠው ሳለ እንኳ ከማያውቃት ሴት ጋራ አልጨፈረም ብላ በአጎቱ ልጅ ፊት ታሳጣዋለች። ዳርሲ ከማያውቁት ሰው ጋራ በቀላሉ የመነጋገር ተሰጥኦ እንዳልተሰጠው ይመልሳል። እርሷም ጣቶቿ እንደ ብልሆቹ ሴቶች በፒያኖው ላይ እንደማይፈጥኑ፥ ጥፋቱ ግን የጣቶቿ ሳይሆን ልምምድን ቸል ያለችው የእርሷ የራሷ እንደ ሆነ ትናገራለች። ይህ ተግሣጽ ነው፤ ግን የራስዋን ጉድለት ፊት አስቀድማ ስለ ተናገረችው ክብሩን ሳይነካ ልቡ ይደርሳል። ዳርሲ ፈገግ ብሎ እውነትሽ ነው አላት።

ይሁን እንጂ ጣዕሙን እንጂ ፍሬ ነገሩን አልሰማም ነበር። ጥቂት ቀን ቈይቶ፥ ከ61ዱ ምዕራፎች በ34ኛው፥ ለጋብቻ ሲጠይቃት ጨዋታው ፈጽሞ ይጠፋል፤ እርሱ ብቻውን ይናገራል፥ ስለ ፍቅሩ ይናገራል፥ ስለ ቤተ ሰቧ ዝቅተኛነትም ይናገራል፥ እሺ እንደምትለውም አይጠራጠርም። ያ ሁሉ ምላሷ እርሱን ለመሳብ የተዘረጋ መረብ መስሎት ኖሯል፤ ይህንንም ኋላ ራሱ ይናዘዛል። እርሷ በቍጣ ስትመልስለት፥ ጠባይህ የጨዋ ሰው አይደለም የሚል ፍርድ ትጨምርበታለች። በመጨረሻ ሲታረቁ ዳርሲ ያንን ፍርድ ቃል በቃል ይደግምላታል፤ ወራት ሙሉ እንዴት እንዳሠቃየውም ይነግራታል። ያን ጊዜ በእውነት ሰምቷታል።

የዚህን ጨዋታ ወሰን ራሷ ኦስተን በሌላ መጽሐፍ አሳይታለች። በ1815 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው «ኤማ» ውስጥ፥ ባለጸጋዋና ብልኋ ኤማ በቦክስ ሂል ኮረብታ ላይ በጉባኤ መካከል በድኻዪቱና ወሬ በምታበዛው በሚስ ቤትስ ላይ ታላግጣለች። ሚስ ቤትስ ነገሩ ቆይቶ ሲገባት ትቀላለች፥ ለመመለስ ግን ምላስም አቅምም የላትም። ወዳጇ ናይትሊ ኤማን ለብቻዋ ጠርቶ የሚገሥጻት በኑሮ ትክክሏ ብትሆን ኖሮ ባልተቆጣሁ ነበር በሚል ምክንያት ነው። ቀልዱ ከኤልሳቤጥ ቀልድ በብልኀት አያንስም፤ ወደ ታች የተወረወረ ስለ ሆነ ግን አንባቢው ከናይትሊ ጋራ አብሮ ያዝናል።

ሲኒማም ከዚህ ምንጭ ቀድቷል፤ በ1934 ዓ.ም. ፍራንክ ካፕራ ባዘጋጀው ፊልም ጋዜጠኛውና ከአባቷ የኮበለለችው ባለጸጋ ልጅ በአንድ ክፍል ሲያድሩ በመካከላቸው በገመድ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቅላሉ፥ ስሙንም የኢያሪኮ ግንብ ይሉታል። በአልጋ ያልተገናኙ ሰዎች በቃል ሌሊቱን ሙሉ ይገናኛሉ።

ወደ «ኩራትና ጭፍን ፍርድ» እንመለስ። ኤልሳቤጥ ከታጨች በኋላ ዳርሲን ስለ ምን እንደ ወደዳት ትጠይቀዋለች፤ ልቧ ሕያውና ንቁ ስለ ሆነ ነው ይላታል። እርሷ ግን ሴት ሁሉ እርሱን ለማስደሰት ብቻ ስትናገር ሰልችቶት እንደ ነበር፥ ድፍረቷን የወደደው ስለዚህ እንደ ሆነ ትገልጽለታለች። በዚያው ሰሞን በወዳጁ በቢንግሊ ነገር ልታሾፍበት ቃሉ ከአፏ ሊወጣ ሲል ትገታዋለች፤ ሲቀለድበት መስማትን ገና እንዳልተማረ ታስታውሳለችና። ይህ መገታት ከፌዟ ሁሉ ይልቅ ፍቅሯን ያሳየኛል። ከተጋቡ በኋላ የዳርሲ እኅት ጆርጂያና አብራቸው ትኖራለች፤ ከዐሥር ዓመት በላይ የሚበልጣትን ወንድሟን ከፍርሃት በማይለይ አክብሮት ስታየው ያደገች ልጅ ስለ ሆነች፥ ኤልሳቤጥ ለእርሱ እንደዚያ በጨዋታ ስትናገር መጀመሪያ ትደነግጣለች፤ ቀስ በቀስ ግን ለእኅት ያልተፈቀደ ነገር ለሚስት ሊፈቀድ እንደሚችል፥ ታላቅ ሰውም ተቀልዶበት ታላቅነቱ እንደማይጎድል፥ በየቀኑ በማዕዱ ተቀምጣ ትማራለች።